ባሕር ዳር ዮጋ የሚያሠራ ሰው ለጠየቃችሁን

ጣና ዳር ጠዋት 12 ሰዓት ለምታሠራን እህታችን፣ እግዜር ይስጥልን። ሥዕል፣ ጽሑፍ ወይም ዲዛይን እየሠራችሁ ሐሳባችሁ አልሰበሰብ ላላችሁ ሁሉ እሷን እንጠቁማለን።

ሌላው አሠልጣኝ ፊት ቆሞ ያሳያል፤ እሷ መጀመሪያ የምታየው እግር ነው። በአንድ እግር በሚቆምበት በ«ቭርክሻሳና» ክብደቱ ከአውራ ጣት ሥር፣ ከትንሿ ጣት ሥርና ተረከዝ ላይ እኩል ማረፍ አለበት። የተነሣው እግር በቆመው እግር ባት ወይም ታፋ ላይ ይለጠፋል፤ ጉልበት ላይ ግን በፍጹም፣ መገጣጠሚያው ወደ ጎን መገፋትን አይችልም።

ዋናው ዓይን ነው። ሁለት ሜትር ያህል ፊት ለፊት፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ይተከላል፤ ድንጋይ ቢሆን፣ የግድግዳ ስንጥቅ ቢሆን። ሐይቁ ላይ የምታልፍ ታንኳ በዓይኑ የተከተለ ወዲያው እግሩን ያወርዳል። ሚዛን የሚጠበቀው በውስጥ ጆሮ፣ በእግር ስሜትና በዓይን ስለሆነ አንዱ ሲቅበዘበዝ ቁርጭምጭሚት ይንቀጠቀጣል። ትንፋሽም እንዲሁ፦ በአፍንጫ 4 ቆጥሮ ማስገባት፣ 6 ቆጥሮ ማስወጣት፣ 5 ጊዜ፤ ከዚያ እግር መቀየር። ትንፋሹን የያዘ ሰው ትከሻው ጆሮው ድረስ ሲወጣ ከሩቅ ይታወቃል።

መሬት ላይ ሲቀመጡ ጋቢ አራት እጥፍ አድርጋ ከመቀመጫ ሥር ታስገባለች። ዳሌ ከጉልበት ከፍ ካላለ ወገብ ይጎብጣል፣ እግርም ይደነዝዛል። ሠዓሊው ወንበሩ ላይም ይህንኑ ቢያደርግ ይጠቀማል።

መጨረሻ ላይ 5 ደቂቃ በጀርባ መተኛት አለ። ከዚያ ስልክ ሳይነካ በቀጥታ ወደ አንድ ሥራ፦ 25 ደቂቃ መሥራት፣ 5 ደቂቃ ቆሞ መንጠራራት። የቅኔ ተማሪ ለቆጠራ፣ ማለትም ቅኔውን በሐሳቡ ለማዘጋጀት፣ ተከናንቦ ገለል ሲል ላየ የጎጃም ሰው ይኼ እንግዳ ነገር አይደለም።

ወፍራም ስፖንጅ ይዛችሁ አትምጡ፤ እግር ስለሚሰምጥ ሚዛን ያጠፋል። ስስ ምንጣፍ ወይም ባዶ ወለል ይሻላል። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ግፊት ወይም ማዞር ያለባችሁ አስቀድማችሁ ንገሯት፣ ግድግዳ አስይዛ ታሠራችኋለች። አርፍዶ ለሚመጣ ግን ርኅራኄ የላትም፣ በሩ ይዘጋል።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን።