ሲቢሲ ለአከርካሪ ብግነት ታማሚ፦ የፕላትሌት ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?

አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይቲስ የተባለውን የአከርካሪ ብግነት ለመከታተል የደም ሕዋሳትን የሚቆጥረውን ምርመራ፣ ሲቢሲን፣ ብቻውን ማሠራት ብዙም አያዋጣም። በደም ውስጥ ብግነትን ከሚያሳየው ሲአርፒ ጋር ከሆነ ግን ገንዘቡ አይቆጭም፤ በተለይ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈውን የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ጥቃቅን ሕዋሳት) ቁጥር አንባቢ ካገኘ።

ብግነት ሲነሣ ኢንተርሉኪን-6 የተባለው ፕሮቲን ጉበት ትሮምቦፖይቲን የተባለውን ሆርሞን በብዛት እንዲያመነጭ ይገፋፋዋል፤ በዚህም መቅኔ የሚሠራው ፕላትሌት ይጨምራል። ፕላትሌቶቹም በተራቸው ብግነት የሚያባብሱ ኬሚካሎችን ይለቃሉ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትንም ይስባሉ። የተለመደው ልክ በማይክሮሊትር ከ150,000 እስከ 450,000 ነው። በሽታው ሲያገረሽ ቁጥሩ ሊወጣ ይችላል፤ ጀርባቸው በጠዋት ተገትሮ ፕላትሌታቸውም ሲአርፒያቸውም ልክ የሆነ ታማሚዎች ግን ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ከወረቀቱ ወሰን ይልቅ ከራስ የቀድሞ ውጤት ጋር፣ ያውም በአንድ ላቦራቶሪ የተሠራ ከሆነ፣ ማነጻጸሩ ይሻላል።

ትልቁ ማሳሳቻ የአይረን እጥረት ነው፤ እሱም ፕላትሌትን ያበዛል። ለዚሁ ሕመም የሚታዘዙት ማስታገሻዎች ዳይክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን ጨጓራን አድምተው እጥረቱን ሊያመጡት ይችላሉ። ሄሞግሎቢንና ኤምሲቪ (የቀይ የደም ሕዋስ አማካይ መጠን) ወርደው ፕላትሌት ከወጣ የአይረን ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን ይታዘዝ። እሱም ቢሆን በብግነት ጊዜ ከፍ ስለሚል፣ ልክ ሆኖ መገኘቱ ብቻውን እጥረት የለም አያሰኝም።

የሲቢሲ ናሙና ሐምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ቱቦ ይወሰዳል፤ መጾም አያስፈልግም። ቱቦው እስከ ምልክቱ ተሞልቶ ወዲያው ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ካልተገለባበጠ ደሙ ይረጋና ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። አንዳንዴ ኢዲቲኤው ራሱ ፕላትሌቶችን ያጣብቃል። ጥሩ ላቦራቶሪ ያኔ ደሙን በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ሰማያዊ ክዳን ባለው የሲትሬት ቱቦ ይደግምና ውጤቱን በ1.1 ያባዛል። የፕላትሌቶችን ትልቅነት የሚለካው ኤምፒቪ ደግሞ ናሙናው በቆየ ቁጥር ይጨምራል፣ ፕላትሌት ኢዲቲኤ ውስጥ ያብጣልና። ደሙ የተቀዳበትና የተሠራበት ሰዓት ካልታወቀ ኤምፒቪውን መተው ነው።

ሲቢሲ ያለ ጥያቄ ሙሉ ነጥብ የሚያገኘው ሰልፋሳላዚን ወይም ሜቶትሬክሴት የተባሉትን የብግነት መድኃኒቶች በሚወስዱ ላይ ነው። እዚህ የሚፈራው የፕላትሌት መውረድ ነው፤ መድኃኒቱ መቅኔን እየጎዳ ሊሆን ስለሚችል ውጤቱ በቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ሲቢሲ ብዛትን ይቆጥራል እንጂ ሥራን አይለካም። አስፕሪን የነካው ፕላትሌት ከ7 እስከ 10 ቀን የሚዘልቀውን ዕድሜውን እስኪጨርስ በደንብ አይጣበቅም፤ ቁጥሩ ግን ልክ ሆኖ ይወጣል። ጥርስ ከማስነቀል ወይም ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚወስዱትን ማስታገሻ ስም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ወረቀቱ ላይ አይገኝም።