ሳተርን ሳትሸሽ ሰልፉ እንዲደርስ፦ በ9 ቮልት ባትሪ ስለሚሠራ የቴሌስኮፕ ሞተር

ቴሌስኮፑን ከሰማዩ ጋር እኩል የሚያዞረውን ይህን ሞተር ለፎቶ ብላችሁ አትግዙት። ለጎረቤት ብላችሁ ግዙት። የቀረው ጽሑፍ የዚህ ማብራሪያ ነው፤ የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም።

ቴሌስኮፔ 130 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት አለው። የትኩረት ርዝመቱ 900 ሚሊ ሜትር ነው። የተቀመጠው ኢኳቶሪያል በሚባለው፣ በአንድ ጎኑ ክብደት በሚንጠለጠልበት መቆሚያ ላይ ነው። የማይበት ቦታ ደግሞ አራት ኪሎ የምከራይበት ፎቅ ጣሪያ ነው። ቀን ልብስ ይሰጣበታል፣ ማታ የእኔ ነው።

ባለ 10 ሚሊ ሜትሩን አይፒስ፣ ዓይን የሚጠጋበትን ሌንስ፣ ስከትበት 90 ጊዜ ያጎላል። ደስ ይላል። ግን የምድርን መዞርም አብሮ ያጎላዋል። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይሄዳል፤ በአይፒሱ የሚታየው ግን ግማሽ ዲግሪ ቢሆን ነው፣ ሙሉ ጨረቃ የምትሞላው ያህል። መሃል ላይ ያስቀመጣችኋት ሳተርን በአንድ ደቂቃ ገደማ ጠርዝ ላይ ትደርሳለች። ማጉያውን ወደ 180 ካሳደጋችሁት ግማሽ ደቂቃ ነው ያላችሁ።

ብቻውን ለሚያይ ሰው ይሄ ብዙ ችግር የለውም። አንድ እጅ መዘውሩ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ያዞራል። እዚህ ከተማ ግን ቴሌስኮፕ አውጥቶ ብቻውን የሚቀር ማን ነው? ገና የመቆሚያውን እግር ስዘረጋ የሦስተኛ ፎቅ ልጆች ይመጣሉ። ከዚያ እናታቸው። ከዚያ ዘበኛው፣ «እስቲ እኔም ልይ» እያሉ። አከራዬ እትዬ ሲመጡ ደግሞ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ የትኛውን ዓይን እንደሚጨፍኑ ይወስናሉ። በመጨረሻ ሲጠጉ ሳተርን ሄዳለች።

«አንቺ ልጅ፣ ምንም የለም እኮ እዚህ!»

እንደገና ፈልጌ አስገባለሁ። «አሁን ይዩ እትዬ፣ ቶሎ!» ሰውን ቶሎ በል እያሉ ፕላኔት ማሳየት ደግሞ አስጠሊታ ነው።

ሞተሩን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ይዞልኝ ገባ። እንዲህ ዓይነቱ ተራ ሞተር ውጭ አገር ከ40 እስከ 60 ዶላር ይሸጣል። የሠራውን ድርጅት ስም አልጠራም፤ ከሌሎቹ ተራ ሞተሮችም ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። የጡጫ ያህል ጥቁር ሳጥን ነው። በውስጡ ትንሽ ሞተርና ማርሾች አሉ። በጎኑ የፍጥነት መዘውር፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሰሜን ወይም ደቡብ የሚል መቀያየሪያ አለው። ሥራውም አንድ ነው፦ የመቆሚያውን ዋና ዘንግ ምድር በምትዞርበት ፍጥነት፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ማዞር። አንድ ሙሉ ዙር በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ። ኮከቦች ከቀን ወደ ቀን አራት ደቂቃ ያህል እየቀደሙ የሚወጡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ማሰሩ ቀላል ነው። አንድ ብሎን ከመቆሚያው ጋር ይይዘዋል፣ አንዲት ትንሽ ቪቴ ደግሞ ከዘንጉ ጋር ታገናኘዋለች። የቪቴዋ ቁልፍ አብሮ ይመጣል፤ እንዳይጠፋባችሁ ሞተሩ ላይ በፕላስተር ለጥፉት። የማልወደው ነገር ይሄ ነው፦ ሞተሩ ከታሰረ በኋላ ዘንጉን በእጅ ለማዞር ስትፈልጉ ቪቴዋን መፍታት አለባችሁ። ጨለማ ውስጥ፣ በኅዳር ብርድ፣ በደነዘዘ ጣት። አምራቹ ለዚህች ብቻ ትንሽ ክላች ቢጨምርባት ምን ነበረበት?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሞተሩ የሚከተለው መቆሚያው በትክክል ከተቀመጠ ብቻ ነው፤ የመቆሚያው ዘንግ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። መመሪያው «ዘንጉን ወደ ሰሜን ኮከብ አነጣጥር» ብሎ ያልፋል። ለጻፈው ሰው ቀላል ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ሰሜን ኮከብ ከፍ ብሎ ይታያል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ የሰሜን ኮከብም ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ይላል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ጡጫ ብትጨብጡ ከጡጫው ጀርባ ይደበቃል። ከእኔ ጣሪያ ደግሞ በዚያ አቅጣጫ ያለው የእንጦጦ ጋራ ነው፤ ከጋራው በታች ፎቅ፣ ጭስና የመንገድ መብራት አለ። ኮከቡን ከዚህ መሃል ለቅሞ ማውጣት ከባድ ነው።

እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች እንዳሉ ታውቃላችሁ። እነሱ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ በኮንክሪት ላይ አንዴ ተተክለው ይኖራሉ። እኔ በየማታው ከደረጃ ላይ ተሸክሜ አውጥቼ እንደገና አስተካክላለሁ።

የማደርገው እንዲህ ነው። ጣሪያው ላይ የእግሮቹን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። በውሃ ልክ ማመጣጠን ነው መጀመሪያ። ዘንጉን ወደ 9 ዲግሪ የማዘነብለው በስልኬ የማዕዘን መለኪያ ነው፤ መቆሚያው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አላምነውም። ሰሜኑን በኮምፓስ እይዛለሁ፣ ከብረት አጥሩ ራቅ ብዬ። ኮምፓስ እዚህ አገር ከእውነተኛው ሰሜን ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያጋድላል፣ ያንን መቀነስ ነው። ለማየት ብቻ ከሆነ ይሄ በቂ ነው። አቅጣጫው 2 ዲግሪ ቢሳሳት እንኳ መሃል ላይ ያለ ፕላኔት ከአይፒሱ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የፎቁ ሰው ሁሉ አይቶ ይጨርሳል።

ከዚህ የበለጠ የሚፈልግ የኦሪዮንን ቀበቶ ይጠቀም። ከሦስቱ ኮከቦች አንዱ የሰማይ ወገብ ላይ፣ ማለትም ከምድር ወገብ በላይ በሰማይ በሚያልፈው መስመር ላይ ነው ማለት ይቻላል። አናት አካባቢ ሲደርስ አይፒሱ ውስጥ አስገቡትና ሞተሩን አብሩ። ኮከቡ ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጋችሁ ወደ ምሥራቅ አብዝቷል። ወደ ሰሜን ከሸሸ ወደ ምዕራብ አብዝቷል። ትንሽ ነካ አድርጎ እንደገና ማየት ነው። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል።

ሌላም የእኛ አገር ጣጣ አለ። ዘንጉ 9 ዲግሪ ብቻ ሲያዘነብል ወደ አግድም የተኛ ያህል ነው። ክብደቱ ወደ ታች ሲዞር ከፊት ያለውን እግር ይመታል። ሞተሩ ደግሞ ይህን አያውቅም፣ መግፋቱን ይቀጥላል። ማርሹ ሲያጓራ መስማት ደስ አይልም። መፍትሔው ከሦስቱ እግሮች ሁለቱን ወደ ሰሜን፣ አንዱን ወደ ደቡብ ማድረግ ነው። ክብደቱ በሁለቱ መካከል ያልፋል። መመሪያው ስለዚህ አንድ ቃል የለውም።

መቀያየሪያው ሰሜን ላይ ይሁን። የደቡብ መስቀልን ስታዩም ሰሜን ላይ ይሁን። የሚወስነው የምታዩት ኮከብ አይደለም፣ የቆማችሁበት ቦታ ነው።

የፍጥነት መዘውሩ ቁጥር የለውም። ጁፒተርን መሃል አድርጋችሁ፣ ወደ ምዕራብ ከሸሸ ጨምሩ፣ ወደ ምሥራቅ ከሸሸ ቀንሱ። ትክክለኛውን ቦታ ስታገኙ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉበት። እኔ አድርጌ ነበር፤ ግን ምልክቱ ከሳምንት በኋላ አልሠራም። ጥፋቱ የባትሪው ነው። ይህ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስነው በሚያገኘው ቮልት ነው። ባትሪው ሲደክም እሱም ይደክማል። ብርድ ሲጨመርበት ይብሳል፤ የታኅሣሥ ሌሊት እንዴት እንደሚቆረጥም የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል።

ፒያሳ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና የፓወር ባንክን 5 ቮልት ወደ 9 አሳድጎ ሳይወርድ ሳይወጣ የሚሰጥ ትንሽ ሰርኪት ገጠመልኝ። ዋጋው ከሁለት ጥሩ ባትሪ አይበልጥም። ከዚያ ወዲህ ነጩ ምልክት ባለበት ይሠራል። እውነቱን ለመናገር የምገመግመው ሞተር ግማሹ የዚያ ሰው ሥራ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ከአምስት ሁለት ተኩል እሰጠዋለሁ። በፓወር ባንክ ሲሆን አራት።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጌታ ነው። ሠፈሩ ሲጨልም ሰማዩ ይከፈታል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። የኮሪደር ልማቱ መንገዱን ካበራው ወዲህ እንዲህ ያለ ጨለማ መሃል ከተማ ላይ ብርቅ ነው።

ያልጠበቅኩት ጥቅም እጄን ማንሳቴ ነው። መዘውሩን በእጅ ስታዞሩ ቱቦው ይንቀጠቀጣል። ይረጋል ስትሉ ፕላኔቱ ሄዷል፣ እንደገና ታዞራላችሁ። በሞተር ግን ሳትነኩት ዝም ብላችሁ ታያላችሁ። አየሩ ለጥቂት ሴኮንድ ይረጋና የጁፒተር ጥቁር መቀነቶች ቁልጭ ይላሉ። እንደገና ይደፈርሳል። ያንን አፍታ ለመያዝ ዓይንን ሳይነቅሉ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጁፒተር ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ አንድ ዙር ስለሚዞር አንድ ማታ ላይ ብቻ መዞሩን ማስተዋል ይቻላል። በዚህ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን፤ ከአዲስ አበባ ሲታዩ ትልልቆቹ ፕላኔቶች ሰማይ መሃል ሲደርሱ ሁልጊዜ ከ55 ዲግሪ በላይ ናቸው። በጭስና በፎቅ መሃል አንፈልጋቸውም።

በሚያዝያ ማታ ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው የኮከቦች ክምችት በደቡብ በኩል 33 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። በከተማው ብርሃን መጀመሪያ ሲታይ የደበዘዘ ጉም ነው። ሞተሩ ይዞት ብዙ ስታፈጡበት ጠርዙ ላይ ያሉት ኮከቦች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። እትዬ ይህንን አልወደዱትም። «ጨረቃዋን አምጪልን» ብለዋል። ጨረቃ ደግሞ በሞተሩም ትንሽ ትንሸራተታለች፤ በኮከቦች መካከል በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ስለምትሄድ ነው። ሞተሩ ተበላሸ ብላችሁ አትነካኩት።

ሞተሩ ኮከብ አይፈልግላችሁም። ያገኛችሁትን ይይዛል እንጂ «ሳተርንን አሳየኝ» ብትሉት አይሰማም። ድምፅም አለው፣ ሲሲሲ የሚል፤ ሌሊት ጸጥ ሲል ይሰማል። ለሐምሌ 26 ቀን 2019 የፀሐይ ግርዶሽ ብሎ የሚገዛ ካለም ይረጋጋ፤ ለአዲስ አበባ ከፊል ግርዶሽ ነው፣ ወቅቱም ክረምት ነው። ፀሐይን ያለ ትክክለኛ ማጣሪያ በቴሌስኮፕ ማየት ዓይን ያጠፋል፣ ሞተር ኖረም አልኖረም።

ፎቶን በተመለከተ፦ የጨረቃና የፕላኔት ቪዲዮ ስልክን አይፒሱ ላይ አስሮ ማንሳት ይቻላል፣ ሞተሩም ይረዳል። ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) ለማንሳት ግን ብርሃኑን ረጅም ጊዜ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ያኔ የማርሹ እያንዳንዷ ስህተት ትታያለች፣ ኮከቡ ክር ይሆናል። ለዚያ ሥራ ፍጥነቱ እንደ እጅ ሰዓት በኳርትዝ ክሪስታል የሚጠበቅ፣ በሁለቱም ዘንግ ላይ ሞተር ያለው ከባድ መቆሚያ ነው የሚገዛው። ዋጋው ከእኔ ቴሌስኮፕ ይበልጣል። መቆሚያችሁ የሚቀበለው ከሆነ ግን ለማየትም ቢሆን ከዚህ ሞተር ይልቅ ባለ ኳርትዙን ባለ አንድ ዘንግ ሞተር ምረጡ። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ፣ የመቆሚያችሁን ዘንግ ጫፍ ከነመለኪያው ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፤ ሁሉም ሞተር ለሁሉም መቆሚያ አይገጥምም።