የኦቭናችሁ በር ቆልፎ አልከፍት ካለ፦ ስለ ባለሞተሩ ሎክና ቱሉ ዲምቱ ስላሉት ጋሼ

ሰላም ናችሁ፣ ይሄን ሪቪው ከፋሲካ ጀምሮ ልጽፈው እያሰብኩ ነበር ግን የተቀየረው ሎክ ሙቀት ሳይቀምስ ጥሩ ነው ብዬ ሰው ማሳሳት ስላልፈለኩ ቆየሁ። አሁን አራት ወር አልፎታል፣ ሶስት ጊዜ አጽድቼበታለሁ፣ ስለዚህ በሙሉ ልቤ መናገር እችላለሁ።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ጋ ማለት ነው፣ ቤቴ ውስጥ ድፎ ዳቦና ኬክ በትዕዛዝ እጋግራለሁ። ኦቭኔ ካቢኔ ውስጥ የሚገባው አይነት የአውሮፓ ስሪት ነው፣ ከሀገር ሊወጡ የነበሩ ሰዎች ዕቃቸውን ሲሸጡ ቦሌ ድረስ ሄጄ ነው ያመጣሁት። ራሱን የሚያጸዳ ነው፣ ማለትም ማጽጃውን ስትነኩት በሩን በሞተር ይቆልፍና ውስጡን ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ድረስ ያግለዋል፣ የፈሰሰው ቅባት ስኳር ምናምን ሁሉ አመድ ይሆናል፣ ሲበርድ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ነው። እንደኔ በየቀኑ ለሚጋግር ሰው ይሄ ቅንጦት አደለም፣ እጄን ከኬሚካል አሳርፎልኛል።

የሆነው ምንድነው፣ የሕማማት ሰኞ ማታ፣ ያው ጾም ስለሆነ ኬክ የሚያዝ የለም፣ የፋሲካ ድፎ ከመጀመሬ በፊት ላጽዳው ብዬ 3 ሰዓት ላይ አስነሳሁት። ቀጭ ብሎ ቆለፈ፣ መጋል ጀመረ፣ ሽታውና ጭሱ ቀላል ስላልሆነ መስኮት ከፈትኩ። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄደ መብራት ድርግም አለ። መጣ ሄደ፣ መጣ ሄደ፣ ሶስት ጊዜ እንደዛ ካደረገ በኋላ ጭራሽ ጠፋና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተመለሰ። ጠዋት ስነሳ ኦቭኑ ቀዝቅዟል፣ በሩ ግን አይከፈትም፣ ስክሪኑ ላይ የብልሽት ኮድ ያበራል፣ ከላይ በኩል ትርርር የሚል ድምጽ አለ። ወንድሜ መጣና "ተጣብቆ ነው እኮ" ብሎ እጀታውን ይዞ በሃይል ጎተተው፣ አንዴ አደለም ሁለቴ። ከሁለተኛው በኋላ ድምጹ ተቀየረ፣ ሞተሩ ሲዞር ይሰማል ግን ምንም የሚያንቀሳቅሰው ነገር የለም። ልቤ ወረደ። አስራ አራት ድፎ ተቀብያለሁ፣ የስምንቱን ቀብድ ደግሞ ዱቄት ገዝቼበታለሁ።

ማክሰኞ ከመሃል ከተማ አንድ ቴክኒሻን አስመጣሁ፣ ለመምጫ ብቻ 800 ብር። ካቢኔው ውስጥ እንዳለ በስልኩ ባትሪ አየው፣ አንድ ብሎን አልፈታም፣ ቴስተር አላወጣም፣ "ቦርዱ ተቃጥሏል፣ 18 ሺህ ነው እሱም ካገኘን ነው፣ በሩን ደግሞ መስታወቱን ሰብረን ነው የምንከፍተው" አለኝ። ቦርድ የሚለው ኦቭኑን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። የደህና ኦቭን መስታወት ሊሰብር! አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት፣ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እሮብ ጠዋት ከታች ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ "አደባባዩ ጋ ያሉትን ጋሼን ለምን አትጠይቂያቸውም፣ ማጠቢያ ማሽኔን የሰሩልኝ እኮ እሳቸው ናቸው" አለችኝ። ሄድኩ። ሱቋ ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ናት፣ ታፔላ እንኳን የላትም፣ ደጃፏ ላይ የተፈታ የማጠቢያ ማሽን ተደርድሯል፣ በሱ ነው የምታውቋት። ጋሼ ችግሬን ስነግራቸው ወዲያው ዕቃቸውን ይዘው አልተነሱም፣ ቁጭ አድርገው ጠየቁኝ። "ልጄ፣ መብራቱ የሄደው ገና ሲቆልፍ ነው ወይስ ግሎ ነበር? ከመጣ በኋላ ከቆጣሪው አጥፍተሽ ቆይተሽ አብርተሻል? በሩን የጎተተው ሰው አለ?" አሉኝ። ሶስተኛውን ስመልስ አንገቴን ደፍቼ ነው፣ እሳቸው ግን አልተቆጡም፣ "እንግዲህ ሁለት ብልሽት ነው የምንፈልገው" አሉና ከሰዓት በኋላ ረዳታቸውን ልጅ ይዘው በባጃጅ መጡ።

መጀመሪያ ከቆጣሪው አጠፉ፣ ከዛ እሳቸውና ልጁ ኦቭኑን ከካቢኔው ስበው አወጡት፣ የላዩን ቆርቆሮ ፈቱት። ሎኩ ከበሩ በላይ ነው የተቀመጠው። ጋሼ በፒንሳ ከሞተሩ ጋር የምትዞረውን ካም የምትባል ነገር ይዘው ቀስ ብለው ግማሽ ዙር አዞሩ፣ መንጠቆው ለቀቀ፣ በሩ ተከፈተ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። መስታወት የለ መስበር የለ። እኔ እንባዬ ነው የመጣው በእውነት።

ከዛ እያንዳንዱን ነገር እያሳዩ አስረዱኝ፣ እኔም ለናንተ ልንገራችሁ ምክንያቱም ይሄን ያወቀ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ሞተሯ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የምታህል ክብና ጠፍጣፋ ናት፣ በደቂቃ አምስት ዙር ብቻ ነው የምትዞረው፣ ለዛ ነው በሩ ሲቆልፍ ጊዜ የሚወስደው። ዘንጓ ላይ አንድ ጎኑ ወጣ ያለ ነገር አለ፣ ካም ይሉታል፣ እሱ ግማሽ ዙር ሲዞር መንጠቆውን ስቦ በሩን ይይዛል፣ ቀሪውን ግማሽ ሲዞር ይለቃል። አጠገቡ ማይክሮ ስዊች የምትባል ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች፣ ካሙ ሲጫናት ተቆልፏል ብላ ለቦርዱ ትናገራለች። ቦርዱ በሩን አያየውም፣ የሚያውቀው ይቺ ስዊች የነገረችውን ብቻ ነው። ተቆልፏል ካላለችው ማጋል አይጀምርም፣ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ አካባቢ ካልወረደም ክፈት ብሎ ሞተሩን አያዝም። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሞተሩ ባለበት ይቆማል፣ ወደ ኋላ የሚመልሰው ሞላ የለም፣ ስለዚህ በሩ እንደተቆለፈ ይቀራል። እኔ ይሄን ስሰማ መጀመሪያ ጉድለት መስሎኝ ነበር፣ ጋሼ ግን "አስቢው እስቲ፣ መብራት በሄደ ቁጥር በሩ ቢለቅ ልጅ መጥቶ 480 ዲግሪ ፊቱ ላይ ይከፍታል" አሉኝ። ልክ ናቸው። ሎኩ ስራውን ነው የሰራው።

ብልሽቱ እንዳሉትም ሁለት ሆነ። አንደኛ ስዊቿ፣ በጣት ስትጫን ቀጭ ትላለች ግን ቴስተሩ ላይ ምንም አይመጣም፣ ውስጧ ጠቁሯል። ረጅም ሙቀትና የመብራቱ መምጣት መሄድ ተደምሮ ነው አሉ፣ ለዛ ነው ቦርዱ መንጠቆው የት እንዳለ ጠፍቶት ሞተሩን ዝም ብሎ የሚያዞረው የነበረው። ሁለተኛ ሞተሯ፣ የሽቦዋ ጥቅል ደህና ነው፣ ቴስተሩ ኦሙን፣ ማለትም ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበትን መጠን፣ በሺዎች አነበበ፣ ግን ውስጧ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ተልጧል። ይሄ የጉተታው ነው። ቦርዱ ምንም አልሆነም! እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው፣ ሳይፈታ ቦርድ ነው ብሎ 18 ሺህ የሚጠይቅ ሰው አለ፣ በአንድ ቴስተር በሃያ ደቂቃ እውነቱን የሚያወጣ ሰው ደግሞ ሱቁ ታፔላ የለውም።

እና በጣም የወደድኩላቸው ቀጥሎ ያደረጉትን ነው። ሕማማት ነው፣ መርካቶ ወርደው ዕቃ ፈልገው እስኪመጡ ትዕዛዜ ሊያመልጠኝ ነው። መንጠቆውን ክፍት እንደሆነ አስቀምጠው የሞተሩን ሽቦ ነቀሉና ጫፉን በደንብ ሸፈኑት፣ አብርተው በ200 ዲግሪ ሞከሩት፣ "ማጽጃውን እንዳትነኪ እንጂ መጋገሩን ጋግሪ፣ ዕቃውን ከበዓል በኋላ እናመጣለን" ብለው የዛን ቀን አንድ ብር ሳይቀበሉ ሄዱ። ሐሙስ ማታ ሊጥ አቦካሁ፣ አርብ ስቅለት ነው አልሰራሁም ፍሪጅ ውስጥ አዘገየሁት፣ ቅዳሜ ከንጋት ጀምሮ አስራ አራቱንም ድፎ በኮባ ጋግሬ አስረከብኩ።

ዕቃው የመጣው በሳምንቱ ነው። ምናለሽ ተራ ከሞተ ኦቭን የተፈታ ሞተር አገኙ፣ ልጁ ይዞት ሲመጣ ላዩ ላይ ያለውን ጽሁፍ አሳየኝ፣ 220 እስከ 240 ቮልት ይላል፣ ዙሩ ጋ ደግሞ 5/6 ይላል። 50 ኸርዝ ላይ አምስት 60 ኸርዝ ላይ ስድስት ይዞራል ማለት ነው፣ ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። ስዊቿን ግን አዲስ ነው የገዙት፣ እዚህ ጋ ነው ሙያቸውን ያየሁት። ቱሉ ዲምቱ ኤሌክትሪክ ዕቃ ቤቶች መልኳ አንድ አይነት የሆነ ስዊች በ80 ብር ነበር፣ ጋሼ አገላብጠው መለሱት ምክንያቱም ጎኑ ላይ ቲ 85 ነው የሚለው፣ 85 ዲግሪ ድረስ ነው የሚችለው ማለት ነው። ለኦቭን ቲ 150 ያስፈልጋል ብለው መርካቶ ፈልገው አመጡ፣ 16 አምፔር 250 ቮልት። መልኳ ስለተመሳሰለ ብቻ ቢያስገቡልኝ እኔ በምን አውቅ ነበር? ሶስት ወር ሳይሞላ እንደገና መቆለፍ ነበር።

ሂሳቡ፣ ሞተር 700፣ ስዊች 250፣ የእጅ 1,500፣ በድምሩ 2,450 ብር። አሮጌዎቹን ዕቃዎች በላስቲክ አድርገው ሰጡኝ፣ "የተቀየረውን ሁሌ ተቀበይ" ብለው። ካሙንም መንጠቆውንም ከተቃጠለ ቅባት ጠርገው ሙቀት የሚችል ግራሶ ትንሽ ነክተውበታል።

አሁን ስለ ሎኩ ራሱ የኔ አስተያየት። ባለሞተሩን እወደዋለሁ፣ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ያለሱ ራሱን የሚያጸዳ ኦቭን አልገዛም። ድክመቱ ከውጭ የምትከፍቱበት ምንም መላ አለመኖሩ ነው፣ ቢያንስ የኔው የለውም፣ ካቢኔ ውስጥ የገባ ከሆነ ደግሞ ለማውጣት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ያገለገለ የምትገዙ ሰዎች ሻጩ ፊት ማጽጃውን አስነሱት፣ ሲቆልፍ ስሙት፣ አጥፉትና ሲከፍት እዩት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ እኔ ስገዛ ያየሁት ላይቱንና ሙቀቱን ብቻ ነበር። ሌላው ደግሞ ቆልፎ ከቀረ በፍጹም አትጎትቱ። ሙሉ በሙሉ ይብረድ፣ ከቆጣሪው አጥፉት፣ አምስት አስር ደቂቃ ቆይታችሁ አብሩት፣ ብዙ ጊዜ ቦርዱ በርዷል ብሎ ራሱ ይከፍተዋል። እና ለበዓል ሳምንት ሲቀረው አታጽዱበት፣ ከዚህ በላይ ኦቭኑን የሚያስጨንቅ ስራ የለም፣ የሚበላሽ ነገር ካለ የሚበላሸው ያኔ ነው።

ማጠቢያ ማሽን ላላችሁ፣ ጎረቤቴ ስለጠየቀችኝ ነው፣ ከፊት የሚከፈቱት ብዙዎቹ ሎካቸው ሞተር የለውም። ውስጡ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የምትግል ትንሽ ነገር አለች፣ እሷ ስትግል ከሁለት አይነት ብረት የተሰራች ስስ ቅጠል ትታጠፍና ፒን ትገፋለች። ልብሱ አልቆ አንድ ሁለት ደቂቃ አልከፍት የሚለው እስክትበርድ ነው፣ ተበላሽቶ አደለም። መብራት ቢሄድም ስትበርድ ትለቃለች፣ ውስጡ ውሃ ካለ ግን ቤታችሁን እንዳያጥለቀልቅ መጀመሪያ ከታች በማጣሪያው በኩል አፍስሱት። መብራት ሄዶም ቆልፎ የሚቀር አይነትም አለ፣ የሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማጣሪያው ጋ የሚሳብ የድንገተኛ ገመድ አለው፣ እሱንም ውሃው ከወጣ በኋላ ነው።

ከአሜሪካ ዕቃ የተላከላችሁ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ፣ የነሱ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው የኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል ኸርዙን ግን አይቀይርም፣ እና ይሄ የሎክ ሞተር የሚዞረው በኸርዝ ልክ ነው፣ እዛ ስድስት የሚዞረው እዚህ አምስት ይዞራል። ቦርዱ በሰከንድ የሚቆጥር ከሆነ ዘገየ ብሎ ኮድ ሊያወጣ ይችላል። መለዋወጫ ስትገዙም የ120ውን ሞተር 220 ላይ ብታስገቡት ይቃጠላል፣ መልካቸው ግን ያው ነው፣ ጽሁፉን አንብቡ።

ስለ ጋሼ ሱቅ ቅር ያለኝንም ልናገር። ደረሰኝ የላቸውም፣ ለድርጅት የምታሰሩ ከሆነ አይሆናችሁም። ዋስትናው የቃል ነው፣ ሶስት ወር ብለውኛል፣ ደግነቱ አላስፈለገኝም። ስልክ ሲሰሩ አያነሱም፣ ቀጠሮ ላይም ዕቃውን ሊገጥሙ ማክሰኞ ብለውኝ ሐሙስ ነው የመጡት፣ ሁለት ቀን በር በሩን ሳይ ዋልኩ፣ እንደማይመጡ ቢደውሉልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚህ ውጪ በአራት ወር ውስጥ ለአራት ሰው ጠቁሜያቸዋለሁ፣ አራቱም አመስግነውኛል።

የምትሄዱ ከሆነ ኦቭኑ በር ጠርዝ ላይ ወይ ማሽኑ ጀርባ ላይ ያለችውን ስቲከር ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፣ ሞዴሉንና ቮልቱን ከሱ ላይ ያነቡታል፣ ምልልስ ይቀንስላችኋል። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት መርካቶ ስለሚወርዱ ሱቁን የሚጠብቀው ልጁ ነው፣ እሱም ጎበዝ ነው፣ ጥያቄዎቹን እንደሳቸው አድርጎ ይጠይቃችኋል።