«እንቅልፍስ?» ብላ የጠየቀችኝ ሲስተር

ይህን ጽሁፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ ግን ልጨርሰው። አንዲት ሲስተር ላመሰግን ነው። እግረ መንገዴንም እንደኔ ኪሎ ጨምራችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ ልጠቁማችሁ።

እማዬ ስትሮክ መትቷት አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመት አለፋት። የማስታምማት እኔ ነኝ። ቀን ቢሮ፣ ማታ እሷ። ጎኗ እንዳይቆስል ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ተነስቼ አገላብጣታለሁ። በዚህ መሀል 14 ኪሎ ጨመርኩ። አባዬ ያሠራልኝ ቀለበት በሳሙና ቢሉት በዘይት አልወጣ ብሎ ወርቅ ቤት ሄጄ አስቆረጥኩት።

እኛ አገር ደግሞ የወፈረ ሰው ተመችቶታል ነው የሚባለው። ለቅሶ ቤት ሳይቀር «አንቺ፣ እንዴት ተመችቶሻል በናትሽ!» ይሉኛል። ስቄ አልፍና ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ። ሀሳብ ያከሳል ሲባል አይደል ያደግነው? ታናሽ እህቴ በዚያው በእማዬ ሀሳብ ቀሚሷ እስኪሰፋት ከሳች። እሷን «አይዞሽ» ይሏታል። እኔን እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ ምንም አልቀራቸው።

ኪሎ ልቀንስ ብዬ የሄድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። አንድ ክሊኒክ ለካርድ ብቻ የከፈልኩትን ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። ሐኪሙ ከስልኩ ቀና ሳይል «መፍትሄው አፍ መዝጋት ነው» ብሎ ሸኘኝ። አንድ ጂም ደግሞ አሠልጣኙ ሚዛን ላይ አቁሞኝ ኪሎዬን ከአዳራሹ ወዲያ ማዶ ላለው ጓደኛው ጮኾ ነገረው። ይጻፍልኝ ብሎ ነው አሉ! ሁለተኛ እግሬን አላነሳሁም። «ቦርጭ ያጠፋል» የተባለ ሻይም ገዝቻለሁ። ከሽንት ቤት ጋር ካወዳጀኝ በቀር ያጠፋው ነገር ቢኖር ደሞዜን ነው።

ሲስተሯን ያገኘኋት ለራሴ ሄጄ አይደለም። ኮተቤ አካባቢ ካለ ጤና ጣቢያ የእማዬን የግፊት መድኃኒት ልወስድ ገብቼ ነው። በዕድሜ ታንሰኛለች። መድኃኒቱን ጽፋ ቀና ስትል ፊቴን አየችና «እስቲ እርስዎም ይለኩ» አለችኝ። 150 በ95። ትንሽ አሳርፋ ደግማ ለካችኝ፤ ያው ነው። ስለ ምግብ የምትጠይቀኝ መስሎኝ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን «እንቅልፍስ? ማታ ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» አለች።

ልመልስ አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለማ!

ሲስተሯ ምንም አላለችም። ተነስታ በሩን ዘጋች። ፊቴ ወደ ግድግዳ እንዲሆን ወንበሬን አዞረችልኝና ሶፍት አቀበለችኝ። በሩ ሲንኳኳ «ትንሽ ታገሱን» ብላ መለሰች። ስረጋጋ አንድ የተበላሸ ወረቀት ገልብጣ ክብ ሰዓት ሳለችና የምበላባቸውን ሰዓቶች በነጥብ እንዳሳይ እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። ጠዋት ባዶ። ቀን አንድ ነጥብ። ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ነጥቡ እርስ በርሱ ተደራረበ። እማዬን አገላብጬ ስጨርስ መብራት እንኳ ሳላበራ፣ በፍሪጁ ብርሃን ቆሜ፣ ዳቦ በማርማላታ። አንዳንዴ የቀዘቀዘ ሽሮ በጣቴ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ያስረዳችኝን ሁሉ ይዤዋለሁ ብል ውሸት ነው። ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ የተደፉ እጢዎች አሉ አለች። ስንጨነቅ ኮርቲሶል የሚባል ነገር ያመነጫሉ። «ሰውነትዎ ጅብ እየተከተለው ነው የሚመስለው» አለችኝ። ለሩጫ ስንቅ ያወጣል፤ እኔ ግን የምሮጥበት ቦታ የለኝም። ጅቡ አንድ ቀን ቢሆን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ዓመት ሙሉ ሲከተል ግን ብዙውን ሰው ጣፋጭና ቅባት ያስመኘዋል፣ ስቡም ሆድ ላይ ይከማቻል። አንዳንዱ ደግሞ እንደ እህቴ ይከሳል። እንቅልፍ ሲያጥር የሚያስርበው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጠገብኩ የሚያሰኘው ይቀንሳል። ለትልቅ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል አለች። እኔ ሦስት ከሞላሁ ጎበዝ ነኝ።

ሁሉንም ነገር በጭንቀት ግን አላሳበበችም፤ ይህንንም ወድጄላታለሁ። መጀመሪያ ስኳርና ታይሮይድ (የአንገት እጢ) አስመረመረችኝ። ሁለቱም ደህና ሆኑ። ለግፊቱም ሐኪም ጋ አስገባችኝ።

ከዚያ ያደረገችውን ግን መቼም አልረሳውም። «ወንድም አለዎት?» አለችኝ። አለኝ፤ ሁለት ፌርማታ ማዶ። «እስቲ ይደውሉለት።» ስልኩን ተቀብላኝ በትህትና አናገረችው። «ወንድሜ፣ ለእህትዎ መድኃኒት ሊታዘዝላት ነው፤ ያለው ግን እርስዎ ጋ ነው። በሳምንት ሁለት ሌሊት ከእናትዎ ጋር ያድሩላት።» ወዲያ ማዶ ዝም አለ። ከዚያ «እሺ ሲስተር» ሲል ሰማሁት። እኔ ሁለት ዓመት ልናገረው ያቃተኝን ማለት ነው! ለነገሩ እሱም «ጠይቀሽኝ አታውቂም» አለኝ በኋላ። እውነቱን ነው።

አሁን ማክሰኞና ዓርብ እሱ ያድራል። ጠዋት ቁርስ እበላለሁ፤ ከምሳ በኋላ ቢሮዬን እዞራለሁ። የሌሊቱ ዳቦ ጨርሶ ቀረ አልልም፤ ቀነሰ። በስምንት ወር 6 ኪሎ ወርጃለሁ፣ ግፊቴም ረግቷል። ሲስተሯ ስትመዝነኝ ቁጥሩ እንዳይታየኝ ጀርባዬን አስዙራ ነው፤ ካልጠየቅኳት አትነግረኝም።

ስሟን እዚህ አልጻፍኩም፤ ፈቃዷን አልጠየቅኩማ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ። በናታችሁ ሂዱ! በተለይ አስታማሚዎች፣ «ተመችቶሻል» እየተባላችሁ የምታለቅሱ ሁሉ ሂዱባት። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ድረሱ፣ ካርድ ክፍል ሰልፉ ረጅም ነው። እሷም ጋ ትጠብቃላችሁ። ውስጥ ያለው ሰው ሳይጨርስ አታስወጣውም፤ በሩ ተዘግቶ ከቆየ እንዳታንኳኩ አደራ።