ተገልብጦ ለመብረር የትኛው የዘይት ሲስተም ይሻላል? ንጽጽር ለገዢዎች

የአክሮባት አውሮፕላን ሊገዛ የተነሳ ሰው ሻጩን ቶሎ የሚጠይቀው "ተገልብጦ ስንት ደቂቃ ይበራል?" ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ሞተሩን የሚጎዳው ግን ከደቂቃው ይልቅ ዘይት የሚቋረጥባት ቅጽበት ነች። እኔም ሲስተሞቹን የማወዳድረው በእሷ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እናጥራ። አውሮፕላኑ ተገለበጠ ማለት ዘይቱም ተገለበጠ ማለት አይደለም። በደንብ የተሠራ ሉፕ (አውሮፕላኑ ወደ ላይ ወጥቶ የሚሠራው ሙሉ ክብ) አናቱ ላይ አብራሪው መሬቱን ከራሱ በላይ እያየ ጂው ፖዘቲቭ ነው፤ ማለትም ወደ ወንበሩ የሚጫነው ኃይል አልጠፋም። ዘይቱ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ እንደተኛ ነው። ጣጣው የሚመጣው ጂው ዜሮ ወይም ኔጌቲቭ ሲሆን ነው፤ ማለትም ቀበቶው ላይ ስትንጠለጠሉ።

ተራ ኮፓ

ፖምፓው ዘይት የሚስበው ከኮፓው ታች ነው። ዘይቱ ወደ ላይ ሲሄድ ፖምፓው አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ብሮንዚኖቹ (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው ማረፊያዎች) ያለ ዘይት ይቀራሉ። በዚያ ላይ ዘይቱ በመተንፈሻው ቱቦ ወጥቶ የአውሮፕላኑን ሆድ ይቀባል። ሴስና 152 ኤሮባት እዚህ ምድብ ውስጥ ነው። ሉፕና ሮል (በጎን ተንከባሎ መዞር) ለመማር ግሩም ነው፤ ተገልብጦ ለመቆየት ግን አልተሠራም። ፍላጎታችሁ ፖዘቲቭ ጂ ላይ የሚያበቃ ከሆነ ለሌላ ሲስተም ገንዘብ አታውጡ።

ግማሽ ሲስተም

መተንፈሻው ላይ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋ ቫልቭ ይገጠማል። ሮል መሀል ጂው ለአፍታ ቢያመልጣችሁ ሆዱ ንጹህ ይሆናል። ፖምፓው ግን አሁንም አየር ነው የሚስበው። "ኢንቨርትድ ሲስተም አለው" ተብሎ ሲሸጥላችሁ ግማሹ ይሁን ሙሉው ጠይቁ።

የክሪስተን ዓይነት ሙሉ ሲስተም

ክሪስተን ኢግልን የነደፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ክሪስተንሰን ያስፋፋው ነው። ብልሃቱ ደስ ይላል። ቀጥ ብላችሁ ስትበሩ ፖምፓው ከኮፓው ይስባል፣ ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው የጭስ ጋዝ ደግሞ በላይኛው መተንፈሻ ይወጣል። ስትገለበጡ ዘይቱ የሞተሩ አናት ላይ ይጠራቀማል። ያኔ ቫልቩ ውስጥ ያሉት የብረት ኳሶች በራሳቸው ክብደት ይንሸራተቱና መንገዱን ይቀይሩታል። መተንፈሻ የነበረው ቱቦ የዘይት መሳቢያ ይሆናል። ጋዙ በኮፓው በኩል ይወጣል። ከጋዙ ጋር ያመለጠ ዘይት ማጣሪያ ጣሳው ውስጥ ይቀርና ስትቃኑ ይመለሳል። ሞተርም ኤሌክትሪክም የለበትም፤ ሁሉንም የሚሠራው ጂው ነው።

ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። ኳሶቹ እስኪዞሩ ግፊቱ ለአፍታ ይወርዳል። አፍንጫን ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት ተክላችሁ ስትቆዩ ደግሞ ዘይቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይሆን ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ይሸሻል፤ ኳሶቹ ይህን አያውቁም። እንዲያም ሆኖ ሱፐር ዴካትሎን ላይ ያለው የላይካሚንግ ሞተር ኤኢአይኦ-360ም ሆነ ኤክስትራ 300 ላይ ያለው ኤኢአይኦ-540 በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። ለአብዛኛው ገዢ የምመርጠው ይህንን ነው።

የተለየ ታንክ ያለው

እዚህ ኮፓው ዘይት አያከማችም። አንድ ፖምፓ ዘይቱን ከሞተሩ ጠርጎ ወደ ታንክ ይመልሳል፣ ሌላው ከታንኩ ይስባል። ለአክሮባት በተሠራ ታንክ ውስጥ መሳቢያው ዘይቱ በሄደበት እየተከተለ ይወዛወዛል። ያክ-52ና ሱኮይ-26 ላይ ያለው ኤም-14ፒ ሞተር፣ 9 ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ፣ 360 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ከዚህ ወገን ነው። ጉልበቱን የቀመሰ ሰው ይወደዋል።

ግን ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይሰርጋል። ዘይት አይታመቅም፤ ሳያዩ ያስነሱት እንደሆነ ቢዬላ (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጣምማል። ስለዚህ ማግኔቶው (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጠው) ጠፍቶ ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር ግድ ነው። እምቢ ካለ አታስገድዱት፣ ወደ ኋላም አታዙሩት፤ የታችኛውን ካንዴላ ፈታችሁ ዘይቱን አፍስሱ። ይህ የሚሰለቻችሁ ከሆነ አትግዙት።

ደግሞ "ታንክ አለው፣ ስለዚህ ይገለበጣል" የሚል ሻጭ አትመኑ። የቀላል አውሮፕላኖች ሞተር የሆነው ሮታክስ 912ም የተለየ ታንክ አለው፤ መመሪያው ግን በኔጌቲቭ ጂ ከ5 ሰከንድ በላይ መቆየትንም ሆነ ከ-0.5 ጂ በታች መውረድን አይፈቅድም።

ፕሮፔለሩን አትርሱ

ገዢዎች የሚዘሉት ይህንን ነው። የቅጠሎቹ ማዕዘን በሚቀያየርበት ፕሮፔለር ማዕዘኑን የሚቆጣጠረው የሞተሩ ዘይት ነው። በብዙ ተራ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ግፊቱ ሲጠፋ ቅጠሎቹ ወደ ቀላሉ ማዕዘን ይሄዱና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይዞራል። የአክሮባቱ ፕሮፔለር ክብደት ታስሮበት ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ዙሩ ይቀንሳል እንጂ ከመጠን አያልፍም። ሙሉ የዘይት ሲስተም ተገጥሞ ፕሮፔለሩ ተራ ከሆነ ሥራው ግማሽ ነው። ነዳጁም እንዲሁ፦ ነዳጁን በተንሳፋፊ የሚመጥን ካርቡሬተር ያለው ሞተር ዘይት ቢያገኝም ተገልብጦ ይጠፋል።

ስትፈትሹ

በዓይነቱ ከሠለጠነ አብራሪ ጋር ውጡና ግማሽ ሮል አሠርታችሁ የዘይት ግፊቱን ተመልከቱ። መርፌው ዝቅ ብሎ ወዲያው ከተመለሰ ጤነኛ ነው። እዚያው ከቀረ ወዲያውኑ አቃኑት፤ የተጣበቀ ኳስ ወይም አየር የሚያስገባ የመሳቢያ ቱቦ ይኖራል። መሬት ስትወርዱ ሆዱን በጨርቅ ጥረጉና ዘይቱን ለኩ። ሻጩ ሞልቶ አፍስሶት ከነበረ ትርፉ በመተንፈሻው ይወጣል፤ ያ ጥፋት የሲስተሙ አይደለም። ልኩን ጠብቆም ከቀባ ግን ቫልቩ ይፈታ በሉት። "ዛሬ አይመችም" ካላችሁ የዋጋውንም ድርድር ለሌላ ቀን አቆዩት።