ለለገጣፎው ጫማ ሻጭ ወንድሜ

ረጅም ርቀት በአስፋልት ላይ የምትሮጡ ሁሉ፣ በተለይ በእኔ ዕድሜ ያላችሁ፣ ጫማ ከመግዛታችሁ በፊት እባካችሁ ይህን አንብቡ። ለገጣፎ ውስጥ፣ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የመሮጫ ጫማ የሚሸጥ አንድ ወጣት አለ። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፍም፤ ምስጋናዬን ግን ማስቀረት አልችልም።

46 ዓመቴ ነው። መሮጥ የጀመርኩት ወንድሜ ካረፈ በኋላ ነው። በ1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲካሄድ፣ ኃይሌ ባሸነፈበት በዚያ ቀን፣ ወንድሜ ከሺዎቹ ጋር 10 ኪሎ ሜትሩን ሲሮጥ እኔ ሹራቡን ይዤ ዳር ቆሜ እጠብቀው ነበር። እርሱን ከቀበርን በኋላ ቤት መቀመጥ አቃተኝ፤ ጎህ ሲቀድ እየወጣሁ መሮጥ ጀመርኩ። ርቀቱ ሲጨምር ግን ጉልበቴ እምቢ አለ። ጓደኞቼ ሶሉ ወፍራም፣ ስፖንጁ ለስላሳ የሆነ ጫማ ግዢ አሉኝ።

መከራዬ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። አንዱ ሻጭ ኦሪጅናል ነው ብሎ በውድ ዋጋ የሸጠልኝ ጫማ ወር ሳይሞላው ሶሉ ተገነጠለ። ይዤው ስመለስ «ሮጠሽበታል እኮ!» አለኝ። የመሮጫ ጫማ ታዲያ ለምን ይገዛል? ሌላው ደግሞ ለስላሳነቱን በጣቴ ስሞክር አይቶ በሰው ፊት ሳቀብኝ። «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፏል፤ አንቺ ስፖንጅ ታማርጫለሽ?» አለኝ። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ቢያሸንፍም በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ድሉን የደገመው ጫማ አድርጎ ነው። ይህን መመለስ ሲገባኝ እንባዬን ውጬ ወጣሁ። ያ ንግግር ከጉልበቴ ሕመም በላይ ቆይቶብኛል።

የለገጣፎው ልጅ ግን ገና ስገባ አሮጌውን ጫማዬን ተቀበለኝ። ገልብጦ አየው፤ ሶሉን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጠረጴዛ ላይ አቁሞም ወደ ውስጥ ማዘንበሉን አሳየኝ። በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምሮጥ፣ የትኛው ጥፍሬ እንደሚጠቁር ጠየቀኝ። ገንዘቤን አውጥቼ ሳለ «እትዬ፣ አሁን ጠዋት ነው፤ እግር ሲውል ያብጣል። ማታ ከሥራ ሲወጡ ይምጡና ይለኩ» ብሎ መለሰኝ። ገንዘብ የያዘ ደንበኛ የሚመልስ ነጋዴ አይቼ አላውቅም ነበር።

ማታ ስመለስ ዓይኔ ያረፈበትን ውዱን ጫማ ከለከለኝ። «ይህ ለውድድር ነው፤ ለእርስዎ ረጅም ልምምድ አይሆንም» አለና በግማሽ ዋጋ የሚሸጠውን አቀረበልኝ። ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት መኖሩን በእጁ አረጋገጠ። ስለ ስፖንጁ ዓይነትና ስለ ተረከዙ ከፍታ ያስረዳኝን በሙሉ አልያዝኩትም። የማልረሳው ሳልከፍል አስፋልቱ ላይ አውጥቶ ከጎኔ እየሮጠ የእግሬን ድምፅ ማዳመጡን ነው! ከዚያ አቧራው ላይ ተንበርክኮ የቀኙን ማሰሪያ ፈታ፤ ተረከዜ እንዳይንሸራተት በመጨረሻው ቀዳዳ በኩል አሳልፎ እንደገና አሰረልኝ። ወንድሜ በልጅነቴ ጫማዬን የሚያስርልኝ እንደዚያ ነበር።

«ጉልበትዎን ጫማ ብቻ አያድነውም፤ ሐኪምም ይየው» ብሎኛል። ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ ድንጋያማ መንገድ ላይ ቁርጭምጭሚት ሊያዞር ይችላል ብሎም አስጠንቅቆኛል። እንዲህ ያለ ታማኝ ሰው ነው። ሂዱ፣ ከእርሱ ግዙ፣ ልጆቻችሁንም ውሰዱ። አሮጌ ጫማችሁን ይዛችሁ መሄድ አትርሱ፤ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው።

ዛሬ ጠዋት 18 ኪሎ ሜትር ሮጬ ስመለስ በሱቁ በኩል አለፍኩ። በሩን ገና እየከፈተ ነበር። ሰላም ሳይለኝ በፊት ጎንበስ ብሎ ማሰሪያዬን አየ።