ብርቅዬ መጽሐፍና የምሥጢር ማኅበር፦ ከሦስቱ ልብ አንጠልጣዮች የትኛውን እንግዛ?

አሮጌ መጽሐፍ፣ የምሥጢር ማኅበርና ከኋላ የሚከታተል ጥላ ያለበት ልብ ወለድ የሚፈልግ ሰው ሦስት ስሞች ደጋግመው ያጋጥሙታል፦ የአርቱሮ ፔሬዝ ሬቨርቴ «የዱማ ክለብ» (1993)፣ የኡምቤርቶ ኤኮ «የፉኮ ፔንዱለም» (1988) እና የዳን ብራውን «የዳ ቪንቺ ኮድ» (2003)። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ቢጠይቀኝ ሳላመነታ «የዱማ ክለብ»ን እሰጠዋለሁ። ባለታሪኩ ሉካስ ኮርሶ ለሀብታም ሰብሳቢዎች ብርቅዬ መጻሕፍት እያደነ የሚኖር፣ አሠራሩም የሰላይ የሆነ ሰው ነው። በ1666 ቬኒስ ታተመ ከተባለ፣ ዲያብሎስ ይጠራበታል ከሚባል መጽሐፍ ሦስት ቅጂ ተርፏል፤ እውነተኛው የትኛው እንደሆነ ማጣራት የእሱ ሥራ ነው። ከሁሉ በላይ የማይረሳኝ ፖርቱጋል፣ ሲንትራ የሚኖረው ሰብሳቢ ነው። የቤት ዕቃው ተሽጦ አልቆ መጻሕፍቱ ወለል ላይ ተደርድረዋል፤ ሌሎቹን ለማቆየት በየጊዜው አንዱን መርጦ መሸጥ አለበት። መጽሐፍ የሚወድ ሰው ይህን ገጽ ሲያነብ ሆዱ ይባባል።

በብራና ባህል ላደግን ደግሞ ጉዳዩ ልዩ ጣዕም አለው። በእጅ የተጻፉ ሁለት ዳዊቶች መቼም አንድ አይሆኑም፤ የሚያስገርመንም አይደለም። የኮርሶ ምሥጢር ግን በሦስቱ ቅጂዎች ውስጥ አንድ መሆን የሚገባቸው የታተሙ ሥዕሎች በጥቂቱ በመለያየታቸው ላይ ቆሟል። ስለዚህ ስትገዙ ሥዕሎቹን ገልጣችሁ እዩ፤ ፎቶ ኮፒ የሆነ ቅጂ ጥቃቅን መስመሮችን ያጠፋል፣ የስልክ መስኮትም ያሳንሳቸዋል። ከመጽሐፉ የተሠራውን የ1999ኙን ፊልም ያየ ሰው ታሪኩን አውቄዋለሁ አይበል፤ ፊልሙ ስለ «ሦስቱ ሙስኬተሮች» ደራሲ ስለ አሌክሳንደር ዱማ የእጅ ጽሑፍ የሚተርከውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ትቶታል።

«የፉኮ ፔንዱለም» ትዕግሥት ይጠይቃል። 120 ምዕራፍ ነው፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም ከ600 ገጽ ይበልጣል፤ አጀማመሩም ከባድ ነው። ሚላን ውስጥ በአሳታሚ ድርጅት የሚሠሩ ሦስት ሰዎች ስለ ቴምፕላሮች (የመስቀል ጦርነት ዘመን መነኮሳት ተዋጊዎች) የሚመጣላቸው ረቂቅ ሁሉ ሰልችቷቸው በኮምፒውተር የራሳቸውን ታላቅ ሤራ ይፈጥራሉ። ፈጠራውን ያመኑ ሰዎች ሲመጡ ጨዋታው የነፍስ ጉዳይ ይሆናል። መቶ ገጽ ያህል ከታገሣችሁት በኋላ ይይዛችኋል፤ ለአውቶቡስ መንገድ ግን አይሆንም።

ለመንገድ «የዳ ቪንቺ ኮድ» ይሻላል፦ ምዕራፎቹ አጫጭር፣ እንግሊዝኛው ቀላል፣ ሩጫው ፈጣን ነው። ክርስቶስ ማግደላዊት ማርያምን አግብቶ ነበር የሚል ሐሳብ ስላለበት ግን ለአማኝ ዘመድ ስጦታ ከማድረጋችሁ በፊት አስቡበት። በመግቢያው በ1099 የተመሠረተ እውነተኛ ማኅበር ነው የሚለውን «የጽዮን ማኅበር»ም አትመኑ። በ1956 ፒየር ፕላንታር የተባለ ፈረንሳዊ ከጓደኞቹ ጋር ፈረንሳይ ውስጥ ያስመዘገበው ነው፤ ጥንታዊነቱን ይመሰክራሉ የተባሉት ወረቀቶችም በ1960ዎቹ ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሆን ተብለው የተቀመጡ የሐሰት ሰነዶች ናቸው። ይህን መጽሐፍ አንብቦ የተደነቀ ወዳጅ ካላችሁ ቀጥሎ የኤኮን ስጡት፤ እንዲህ ያለ ማኅበር ከጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደሚወለድ ከውስጥ ያያል።